ጠማማ ያልኩት ሽጉጥ

ለምወድሽና ከልቤ ለማትጠፊው እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚቆረጥምሽ ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም «የእርጅና ነው» እያልሽ ትደብቂናለሽ? የስፌት መኪናሽስ ደህና ናት? ወንድሜስ፣ አክስቴስ፣ ሁሉም ሰላም ናቸው? እኔ ጆሮዬ ትንሽ ከመጮሁ በቀር ደህና ነኝ። የተኩስ ልምምዱ ጩኸት ነው፣ አትደንግጪ።

ባለፈው በስልክ «ድምፅሽ ቀዝቅዟል፣ ምን ሆነሻል?» ስትዪኝ ጉንፋን ነው አልኩሽ። የእናት ጆሮ መቼ ይታለላል። አሁን ነገሩ ስላለፈ ልንገርሽ፤ የፖሊስ ማሰልጠኛውን ትምህርት ሁሉ እንደ ውሃ ጠጥቼው፣ በሽጉጥ ተኩስ ፈተና ወድቄ ነበር። ሁለተኛ የወደቀ ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ መባረሩ ብቻ አይደለም፣ የአጎቴ ፊት ነው። እሱ «ሴት ልጅና ሽጉጥ ምን አገናኛቸው?» ሲል፣ ርችት ሲተኮስ እንኳ ጓዳ ገብተሽ የምትደበቂው አንቺ፣ ብድግ ብለሽ «ልጄ ከፈለገች ትሄዳለች» ያልሽው ትዝ ይለኛል። ተባርሬ ብመጣ የሚስቀው በእኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

የተኩስ ሜዳችን ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ ነው። ትልቅ የአፈር ክምር አለ፣ ከፊቱ ፊት የሌለው ሰው የተሳለበት ወረቀት ይለጠፋል፣ እኛ ሃያ አምስት ሜትር ርቀን እንቆማለን። ለእኔ የደረሰኝ ሽጉጥ ስንት እጅ እንዳለፈበት እንጃ፣ ጥቁር ቀለሙ ተልጦ ጫፍ ጫፉ ነጥቷል። እኔ ደረቱን አነጣጥራለሁ፣ ጥይቱ ወደ ታችና ወደ ግራ ሄዶ ከወረቀቱ ሰውዬ ወገብ አጠገብ አፈር ይቆፍራል። አንድ ቀን ደግሞ የተተኮሰ ጥይት የጋለ ቀለሃ ተስፈንጥሮ አንገቴ ስር ገባና ሰልፉ ፊት ያለ ሙዚቃ አስጨፈረኝ። ከጎኔ የምትተኛው ረጅሟ ጓደኛዬ እስካሁን ጭፈራዬን እያስመሰለች ታሾፍብኛለች።

ታውቂኛለሽ፣ አፌ አያርፍም። ሽጉጡ ነው ጠማማ ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ስም እንኳ አወጣሁለት፣ «ጠማማው» ብዬ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ወሬው አሰልጣኛችን ጆሮ ደረሰ። መቶ አለቃ ናቸው፣ ፀጉራቸውን ሽበት የጀማመረው ሴት፣ ቁጣም ሳቅም የማያባክኑ። በሌሉበት «እሜቴ» እንላቸዋለን። ጠርተውኝ ስሄድ ዛሬስ አለቀልኝ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሽጉጤን ተቀብለው በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደገፉት፣ ከኋላው ተኙ፣ ቀስ ብለው አምስት ጊዜ ተኮሱና ወረቀቱን አምጪው አሉኝ።

እማዬ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ። አምስቱንም ቀዳዳ የሻይ ብርጭቆ አፍ ይከድናቸዋል። ያ የተላላጠ ብረት፣ እኔ በየሰው ፊት ስሙን ያጠፋሁት፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት ጥይቶቹን እንደ ቤተሰብ አንድ ቦታ ሰብስቧቸዋል። ሁለቱ እንዲያውም ተነካክተዋል። ጣቴን በቀዳዳዎቹ ላይ አንድ በአንድ አስኬድኩት። ሰው የሠራው ዕቃ እንዲህ ልክ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እሜቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጥይት መያዣውን ካርታ ራሳቸው ሞሉና ተኩሺ አሉኝ። የመጀመሪያው ጮኸ። ሁለተኛውን ቃታ ስስብ «ቀጭ» አለና ዝም። ለካ ከእውነተኞቹ መሀል ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ቀላቅለዋል። ድምፅ የለ፣ ግፊት የለ፣ የሽጉጡ አፍ ግን ወደ ታችና ወደ ግራ ሲደፋ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ከኋላዬ የተሰለፉት በሳቅ ፈረሱ። እሜቴ ብቻ አልሳቁም።

«አየሽ? የተተኮሰ ነገር የለም፣» አሉኝ፣ «ታዲያ ማን ገፋው?»

ማን ይገፋዋል፣ እኔው ነኝ። ገና ሳይጮህ ጩኸቱን ፈርቼ እጄን እጥለዋለሁ። ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ስፌት ስታስተምሪኝ መርፌው ሲወርድ ዓይኔን እየጨፈንኩ ጨርቁን ስስበው፣ ስፌቱ እንደ ሰካራም መንገድ ሲወላገድ፣ መኪናዋ ተበላሽታለች ብዬ አልቅሼ ነበር። አንቺም ቁጭ ብለሽ በዚያችው መኪና መስመሩን ቀጥ አድርገሽ ሰፋሽና ዞር ብለሽ አየሽኝ። ልክ እንደ እሜቴ አስተያየት።

ከዚያ በኋላ ባዶውን ሽጉጥ እይዛለሁ፣ ረጅሟ አፉ ላይ ባዶ ቀለሃ ታቆምልኛለች፣ እኔ ቀለሃው ሳይወድቅ ቃታ እስባለሁ። መጀመሪያ እንደ በቆሎ ይረግፍ ነበር። እሷም ስታነሳው ወገቤ ተቀጨ እያለች ትረግመኛለች እንጂ አንድ ቀን አልቀረችም። እሜቴ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ ጩኸቱን አትጠብቂው፣ ሳታስቢው ይምጣብሽ። እያደር ቀለሃው ቆሞ መቅረት ጀመረ።

የሁለተኛው ፈተና ቀን ጠማማውን ይዤ ቆምኩ። ተኮስኩ። ወረቀቱ ሲመጣ አንድም አልሳተም፣ ሁሉም ደረቱ ላይ ናቸው። እሜቴ አለፍሽ ሲሉኝ ረጅሟ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ልጮህ አፌን ከፈትኩና ቀዳዳዎቹን ደግሜ አየኋቸው። እማዬ፣ ያሉት በሰውዬው ግራ በኩል ነው፣ ወንድሜ እስክሪብቶውን ከሚሰካበት ኪስ ላይ። ደስታዬን ትቼ ወረቀቱን አጠፍኩት።

ጠማማ ነው እያልኩ ሳለሁ ለካ የምፈራው ጩኸቱን ብቻ ነበር። አሁን ግን እንደማይዋሽ አውቄያለሁ። ወደላኩት ይሄዳል፣ ሌላ የሚወቀስ የለም። ይህን ለእሜቴ ብነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ሃያ ዓመት ሽጉጥ ታጥቀዋል፣ ከወረቀት በቀር የመቱት ነገር የለም። «በሥራዬ የምኮራው በዚህ ነው» አሉኝ።

ለወንድሜ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ያቺን ኪሱንም ሳሚልኝ፤ ምክንያቱን አትንገሪው፣ ይስቅብኛል። አክስቴን ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ሰላም በያት፣ «ልጅሽን ለወታደር ዳርሻት» ማለቱን ትተወው፣ ፖሊስና ወታደር ለየቅል ነው። አጎቴንም በጣም ሰላም በዪው፣ አልፋለች በዪው፣ ከዚያ በላይ ምንም አትጨምሪበት። ዝምታሽ ይበቃዋል።

አንድ ልመና አለኝ። ስሸኝ ግንባሬን ስመሽ «ጥይት አያግኝሽ» ብለሽ መርቀሽኝ ነበር። ምርቃትሽ ይያዝልኝ፣ ግን ጎዶሎ ነው። ዛሬ ማታ ስትጸልዪ ጨምሪበት፤ የእሷም ጥይት ማንንም አያግኝ በዪ። ከእንግዲህ አልስትምና።

የምትወድሽ ቀዥቃዣዋ ልጅሽ

ከማሰልጠኛው ግቢ፣ ከመኝታ ቤታችን ደረጃ ላይ
ሐሙስ፣ የካቲት ፲፬ ቀን