ስለ አንጎሌ እና ስለ አርቮ መልስ

እኔ ሄልቪ ቱርካ፣ በዚህ የሐይቅ ዳር መንደር ደብዳቤ ሳድል ያረጀሁ፣ ዛሬ እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2019፣ አእምሮዬ ገና የኔ ሳለ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ተናዝዣለሁ። የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ቬይኮ ላምፒነን ነው፤ አጠገቡ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የምትደውለው ኢርያ ኮኮ ተቀምጣለች። ባሌ አርቮና ልጄ ሲርካም ይሰማሉ። የአልዛይመር በሽታ እንዳለብኝ ሁሉም ያውቃል። የሚሻለኝ ጠዋት ስለ ሆነ በጠዋት ጠራኋቸው።

ቤቱና ሳውናው፣ ማለት በእሳት የሚሞቀው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን፣ ለአርቮ ይሁን። ሳውናውን በገዛ እጁ ሠራው፤ እኔ ደግሞ እሳቱን ረስቼ ግድግዳውን አቃጠልሁበት። አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ቅሬታዬም ከዚሁ ይጀምራል።

ጀልባዋ የሲርካ ትሁን። በልጅነቷ ሐይቁ ላይ ስትውል ስቆጣት ኖሬአለሁ፤ የተቆጣሁት ስለምሰጋላት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በከተማው ሆስፒታል ለዚሁ በሽታዬ አዲስ መድኃኒት ሲሞከር ፈቅጄ ገባሁ። በክንዴ የሚንጠባጠበው መድኃኒቱ ይሁን ባዶ ውሃ እኔም ነርሷም አናውቅም፤ ደንቡ ነው። ሌላም ደንብ አለ። ታማሚው አብሮት የሚኖር ሰው ይዞ ይመጣል፤ ያንን ሰው ለብቻው አስገብተው የታማሚውን ውሎ ይጠይቁታል። ታማሚ ስለ ራሱ የሚናገረው አይበቃምና። የኔ ሰው አርቮ ነበር። የተባባሉትን ኋላ ነርሷ ነገረችኝ።

"ባለቤትዎ ቤት ውስጥ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናት።"

"ራስ ምታት? መንገዳገድ?"

"ደህና ናት አልኩሽ እኮ።"

በዚያ ክረምት ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። በረዶው ላይ ስወድቅ ተሸክሞ የሚያስገባኝ እሱ ነው። የኛ አገር ሰው ግን የቤቱን ችግር ለባዕድ አያወራም፤ አርቮም እንዲያ ሆኖ ያደገ ነው። አንጎሌ ውስጥ ደም መፍሰሱ የታወቀው ዘግይቶ በኤም አር አይ ምርመራ ነው። ሐኪሙ፣ ምልክቱን ቀድመን ብንሰማ ኖሮ መድኃኒቱን እናቆመው ነበር አለ።

"ከሙከራው እንዳያስወጡሽ ፈርቼ ነው" አለኝ አርቮ። "ሌላ ምን ተስፋ ነበረን?"

እወደዋለሁ። በዚህ ነገር ግን ተቀይሜዋለሁ። ሁለቱም ይጻፍ።

ስለዚህ በሞትሁ ጊዜ አንጎሌ ለነዚያው ሐኪሞች ይሰጥ። አርቮ የሸሸገውን እዚያ ያገኙታል፤ በኛ መልስ ተሳስተው ሌላ ሰው እንዳይጎዱ።

እዚህ ላይ ሲርካ አቋረጠችኝ። "እማ፣ እኔ እናቴን ሁለት ቦታ አልቀብርም።"

"አንቺ የተረፈውን ቅበሪ። ያኛውን በሽታው አስቀድሞ እየቀበረው ነው።"

አለቀሰች። ቃሌን ግን አልለወጥሁም።

እስከዚያው ሐኪሞቹ ስለኔ መጠየቃቸውን አይተዉም። አርቮ እውነቱን ብቻ እንዲመልስ በነዚህ ምስክሮች ፊት አደራ ብዬዋለሁ። ካሁኑ ይለማመድ ብዬም፣ "ትናንት እንዴት ነበርኩ?" ስል ጠየቅሁት።

ቆቡን አወለቀ። "ትናንት ማታ፣ 'ባሌ ሳይመጣ ከቤቴ ውጣልኝ' አልሽኝ። ሳውናው ውስጥ አደርኩ።"

ቬይኮ ብዕሩን አስቀመጠ። "ሄልቪ፣ ይሄ ከተጻፈ ኑዛዜሽን ሊያፈርሱብሽ ይችላሉ። ይቅርብሽ።"

አላስታውሰውም። የአርቮን ፊት ሳይ ግን እውነት መሆኑን አወቅሁ፤ በጣምም ፈራሁ።

"ጻፈው" አልሁት።

ሌላ የምናዘዘው የለኝም።

ሄልቪ ቱርካ፣ በእጄ ፈረምሁ።

እኛ ዝምድና የሌለን ምስክሮች፣ ሄልቪ በስማችን እየጠራችን፣ ምን ለማን እንደምትሰጥ ለይታ እያወቀች ስትናዘዝ አይተናል። ከዳር እስከ ዳር አንብበንላት ፈርማለች። ትናንት ማታ የሆነውን አንክድም፤ ዛሬ ጠዋት ግን ባሏን ታውቀዋለች። አርቮ ወራሽ ስለ ሆነ ምስክር ሆኖ አይፈርምም። እኛ ከመፈረማችን በፊት ኢርያ፣ "ሄልቪ እንዴት ናት?" ብላ ጠየቀችው።

"ደህና አይደለችም" አለ።

ቬይኮ ላምፒነን፣ ፊርማ
ኢርያ ኮኮ፣ ፊርማ