አንዱ አቤት ይላል

ቀጮዬ፣ ድምፃቸው የሚቀራረብ ስሞችን የሚያሰባስበው ፕሮግራሜ እዚህ በጠፋ ሰው አፈላላጊ ቢሮ ሥራ ጀመረልህ! ዛሬ አንዲት አሮጊት ገና ልጅ ሳለ የተለያቸውን ወንድማቸውን ፍለጋ መጡ። ስሙን ስጽፈው የሚመስሉት ስሞች ከነስልካቸው ስክሪኑ ላይ ተግተለተሉ። «በዛብዎት እማማ» ስላቸው፣ «ምን ቸገረህ? ሁሉንም ጥራቸው፤ አንዱ አቤት ይላል» አሉኝ። እናትህ ከደጅ ሆነው ሲጠሩህ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ አቤት ይል የነበረው ትዝ አለኝ። እኔ እደውላለሁ፣ እሳቸው «ማሙሽ?» ይላሉ። አንዱማ «ምነው እኔ በሆንኩ!» አለ። የመስኮቱ ፀሐይ ከግድግዳው ወደ ጉልበታቸው ስትወርድ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ቀስ ብሎ «አቤት፣ እትዬ» አለ።

«ምነው እንዲህ አመሸህ?» አሉት፣ ጨዋታ ይዞት እንደቆየ ልጅ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀ። እናትህን ሳምልኝ፤ ሲጠሩህም ቶሎ አቤት በል።