ናፍጣውን ማን ይመጥነው?

ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ደርሶ በጤና ያግኝህ። እኛ አንተን ከማጣታችን በቀር የጎደለብን የለም፤ ጋራዡም ሥራ አላጣም።

የቫናችንን ሞተር በመጨረሻ ቀየርነው። ናፍጣውን የድሮው ፖምፓ ይርጨው ወይስ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ስንል ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። እኔ የድሮውን አልኩ፤ መንገድ ላይ ቢያስቸግር በመፍቻ ይስተካከላል። "ሞተር የሚታከመው በጆሮ ነው" እያለ ያሳደገን አባባ ግን፣ "የለም ልጄ፣ ኮምፒውተር ያለውን እንግጠም፤ ሕመሙን በጽሑፍ ይነግረናል" አለኝ። ጉድ እያልኩ እሱ ያለውን ገጠምኩ።

ትናንት ቁልፉን ሳዞረው ባንዴ ተነሳ። አባባ ግን አጠገቡ ቆሞ ሳለ ድምፁን አልሰማውም፤ "በይ እንጂ፣ አስነሺው!" አለኝ። ወርጄ እጁን ይዤ የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፍኩለት። ፊቱ በራ። "ወይ ጉድ! እንደተኛ ሕፃን ነው የሚተነፍሰው" ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችንን መኪና ችግር ከመመርመሪያው ኮምፒውተር ስክሪን ላይ አንብቦ ብቻውን ሠራው፤ ያን ጊዜ ኩራቱን ብታይ!

አደራህን፣ ለአባባ ከምትደውልለት ጻፍለት። ዘንድሮ ደብዳቤ ወዷል፤ መነጽሩን አድርጎ ሦስቴ ነው የሚያነበው።

ዓይን ለዓይን እስክንተያይ ደህና ሁንልኝ።

ታናሽ እህትህ