ቅዳሜ ስለሚያልቀው መድኃኒት ለተከበረው የፈቃድ ኮሚቴ

ለጤና ባለሙያዎች ፈቃድ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢና ለአራቱ የተከበሩ አባላት
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የአምስታችሁንም ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ ከነቤተሰባችሁ ደኅና እንድትሆኑም ከልብ እመኛለሁ። የሙያ ፈቃዴ ከታገደ ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ስለሆነ፣ ለሰው ጤና መመኘት ያለፈቃድ እንደ መሥራት የሚቆጠር ከሆነ፣ ይህም በማኅደሬ ውስጥ እንደ ሁለተኛ ጥፋት ይያዝልኝ።

ነርስ ህሩይ ወልደኢየሱስ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጎንደር ቁስቋም ሲሆን፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የቲቢ ሕሙማንን ስከታተል ቆይቻለሁ። ከጤና ጣቢያው ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ሽቅብ ሲወጡ የኪዳነ ምሕረት ጠበል አለ። ጥፋቴ የተፈጸመው እዚያ ነው። ጠበል ሊጠመቁ ሱባኤ የገቡ ዘጠኝ ሕሙማን ሕክምናቸውን አቋርጠው እንዳይቀሩ፣ መድኃኒታቸውን እየያዝሁ ያሉበት ድረስ ስወጣ ነበር። ኮሚቴው ይህንን «ፈቃድ ከተሰጠው ተቋም ውጭ መድኃኒት ማደል» ብሎታል። ስያሜው ትክክል ነው፤ አልክድም። ይልቁንስ ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። መመሪያው መድኃኒቱ በባዶ ሆድ፣ በተቆጣጣሪ ፊትና በተፈቀደ ክፍል ውስጥ መዋጥ እንዳለበት ያዝዛል። ባዶ ሆድን በተመለከተ፣ እንደ ጠበሉ ሰዎች መመሪያውን ያከበረ በአካባቢያችን አላየሁም፤ ጠበል ሳይጠጡ እህል አፋቸው አይገባም። ተቆጣጣሪን በተመለከተ፣ የጠበሉ አጥማቂ አባ ዕንባቆም ክኒኑን ለእያንዳንዱ ቆጥረው ከሰጡና በጠበሉ ካስዋጡ በኋላ አፍ አስከፍተው፣ ምላስ አስነስተው ያያሉ። ሰው መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር እንዲወስድ ያሳመኑት እርሳቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። እንግዲህ የጎደለው ክፍሉ ብቻ ነው። ጠበሉ በሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ክፍል እንደሌለው ለስድስት ዓመት ሳላስተውል በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ባንቺአየሁ ስለምትባል ገበሬ ሴት ነው። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሕክምናዋን ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ ነው። እዚህ ላይ ኮሚቴው ያላገኘብኝን እውነተኛ ጥፋት ራሴ ላጋልጥ። ይህ መድኃኒት ሽንት እንደሚያቀላ አስቀድሜ መንገር ሲገባኝ ረሳሁ። እርሷም ሽንቷ ቀልቶ ባየች ጊዜ በሽታው ደም ሆኖ እየወጣላት መስሏት እልል አለች። በማግስቱ አንዳች ሕመም የሌለባቸው አራት ሰዎች «ያንን ቀዩን ለእኛም ስጠን» ብለው ተሰልፈው ጠበቁኝ። እነርሱን ስመልስ እርሷ መሐል ገብታ፣ «ምነው ሐኪሙ፣ ሸጋ መድኃኒት አይደለም ወይ? ምን አድርገውህ ነው የምትከለክላቸው?» አለችኝ። እስኪገባቸው ድረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለዚህ ብትቀጡኝ ኖሮ እጅ ነሥቼ በተቀበልሁ ነበር።

ባንቺአየሁ ስትመጣ ሁለት ሰው ደግፏት ነበር፤ ዛሬ ጀሪካኗን ራሷ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች። በእናንተ ደብዳቤ መሠረት ግን ከእንግዲህ በየቀኑ አምስት ሰዓት በእግር ተመላልሳ ጤና ጣቢያው ውስጥ መዋጥ አለባት። ለዚህ ደግሞ ሱባኤዋን ማፍረስ ይኖርባታል። እኔ የካህን ልጅ ነኝ፤ ሰዎቻችንን አውቃቸዋለሁ። ባንቺአየሁ ክኒኑን ትተዋለች እንጂ ስእለቷን አታፈርስም። የተቋረጠ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ፣ በሽታው እንዴት ለምዶት እንደሚመለስና አብረዋት የሚተኙት ልጆቿ ምን እንደሚጠብቃቸው ለእናንተ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ከአምስታችሁ ሦስታችሁ ሐኪሞች ናችሁና።

፫. እንድፈርም ስለላካችሁልኝ ቅጽም አመሰግናለሁ፤ አንድ ገጽ ብቻ ነው። «ከተቋም ውጭ ለማንም መድኃኒት እንደማልሰጥ አረጋግጣለሁ» በሚለው ሥር ከፈረምሁ፣ ዘጠኙንም በመዝገቡ ላይ «ጠፍተዋል» ብዬ ከሞላሁ፣ ፈቃዴ በዕለቱ እንደሚመለስልኝ ተነግሮኛል። እያንዳንዳቸው በየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚያርፉ የማውቃቸውን ሰዎች ነው ጠፍተዋል የምለው።

አሁን የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ የያዘችው ባልደረባዬ ሲስተር ሄለን እያለቀሰች፣ «ፈርምና እንደ ድሮህ ውጣ፤ ማን ዳገት ወጥቶ ያይሃል?» ብላ መክራኛለች። እውነቷን ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ከእናንተ ወገን ያንን ዳገት የወጣ አላየሁም። ነገር ግን አባቴ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ዜማ የሳተውን ተማሪ ደጋግመው ያስጠኑት ነበር እንጂ አይቆጡትም ነበር፤ የዋሸውን ግን ከጉባኤ ያስወጡት ነበር። ፈርሜ ቃሌን ብጠብቅ ዘጠኝ ሰው እገድላለሁ፤ ፈርሜ ቃሌን ባፈርስ ውሸታም ነኝ፤ ባልፈርም ደግሞ ባዶ እጄን ነኝ። ሦስቱንም ዞሬ አየኋቸው፤ መውጫ አጣሁ። ጨንቆኛል፣ ክቡራን። ደብዳቤውን በቀልድ ብጀምረውም የምቀልድበት አቅም የለኝም።

፬. ጉዳዬን በዘጠና ቀን ውስጥ ለማየት ቃል ስለገባችሁ አመሰግናለሁ። ከመታገዴ በፊት ለአባ ዕንባቆም ያስረከብሁት የሁለት ሳምንት መድኃኒት ቅዳሜ ያልቃል። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ይህንን በመጻፌ አባ ዕንባቆምንም ያለፈቃድ መድኃኒት አዳይ ብዬ ማጋለጤ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም ብል ግን እሑድ ጠዋት ዘጠኝ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሞ እርሳቸው የሚሰጡት አይኖራቸውም። ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፈቃዴን አትመልሱልኝ፤ ከፈለጋችሁ ቅደዱት፤ ከዛሬ ጀምሮ ነርስ አይደለሁም ብዬ በአደባባይ እናገራለሁ። ለሲስተር ሄለን ግን «ይዘሽ ውጪ» የምትል አንዲት መስመር ጻፉላት። ሁለት ልጆች ስላሏት ያለ ወረቀት መውጣት ትፈራለች፤ አልፈርድባትም። መንገዱን እኔ አሳያታለሁ፤ ሳጥኑን እንዳልነካ ከፈለጋችሁ እጄን ወደ ኋላ አስራችሁ ላኩኝ።

ጊዜያችሁን ስለሰዋችሁልኝ፣ መመሪያው በሰው እንዳይጎዳ ስለምታደርጉት ያላሰለሰ ጥበቃና ወደፊትም ስለምታደርጉልኝ ሁሉ በታላቅ ትሕትና እጅ እየነሣሁ፣

ያለ ቁጥርና ያለ ማኅተም የጻፍሁላችሁ
የቀድሞው ነርስ ህሩይ ወልደኢየሱስ
ከቁስቋም፣ ጎንደር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዘጠኙ ሕሙማን አንዷ ከከተማ የመጡ እናት ናቸው። ልጃቸው በእገዳ ደብዳቤዬ ላይ ከፈረሙት ከአምስታችሁ አንዱ ነው። «ልጄ የተከበረ ሰው ነው፤ እናቱ የሳንባ በሽተኛ ናት እንዳይባልበት» ብለው እንዳልነግረው አስምለውኛል፤ ለእርሱም ሱባኤ መግባታቸውን እንጂ መታመማቸውን አልነገሩትም። የታካሚን ምስጢር መጠበቅ በመመሪያችሁ ስለታዘዘ፣ እኔም ይህቺን አንዲት ትእዛዝ እንኳ ልፈጽም ስለምፈልግ፣ የማናችሁ እናት እንደሆኑ አልናገርም። አምስታችሁም እባካችሁ ዛሬውኑ ለእናቶቻችሁ ደውሉ። ስልኩ አልገባ ቢላችሁ አትደንግጡ፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ዳገቱ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ስትወጡ ግን መድኃኒቱን ይዛችሁ ውጡ።