ለሐጂ እግር የተያዘው ሪዜ

ጥቅምት 9፣ ጠዋት
ሐይቁ ዳር ደርሼ ተመለስሁ፣ አንቺ ደብተር። ባቴን ሲጨመድደኝ እቆማለሁ፤ ውኃውን የማደንቅ እመስላለሁ። ሰው "አያ መኮንን ተፈጥሮ ይወዳል" ይላል። ይበል። ሲጋራ ከተውሁ ወዲህ ግን መቆሚያዬ እየራቀ ነው።

ነርሷ፣ ሲ/ር አልማዝ፣ ሆ/ታል አስጠራችኝ። ነገሩ የእኔ አይደለም። ጨርቅ ነጋዴው ወዳጄ ሐጂ ሰይድ በእኔው በሽታ ተይዟል። የእግሩ ደም ሥር ጠቧል፤ አውራ ጣቱ ጠይሞ ቀዝቅዟል። ማጨሱን ካልተወ እግሩ ይቆረጣል። እርስዎ ትተዋልና እርስዎ ይርዱት አለችኝ። እኔ የማውቀው መተረብ ነው።

ጥቅምት 10
ሱቁ ሄድሁ። ሲያየኝ ሲጋራውን ከአቡጀዲው ጥቅል ኋላ ሸሸገ። ጭሱ ይወጣል። ሱቅህ ነው የሚቃጠል ወይስ አዲስ ዓይነት ጨርቅ ነው አልሁት። አልሳቀም። በቃ፣ እተዋለሁ፣ ቃሌ ነው አለ። የሐጂ ቃል ለጨርቅ ይሠራል፤ ለሲጋራ እንጃ። በአገራችን ያለ ዋስ ሚስትም አይገኝ። ዋስ ጥራ አልሁት። ማን ይሆነኛል አለ። እኔ። መያዣውም ይኸው ከጆሮ እስከ ጆሮ የተንሰራፋው ሪዜ። አንተ ብታጨስ እኔ እላጫለሁ። ያኔ ሳቀ።

ጥቅምት 17
በዶ/ሩ ትእዛዝ አብረን እንራመዳለን። ሲያመን ቆመን፣ ሲለቀን እንቀጥላለን። እሱ ሲቆም እኔ እስቃለሁ፤ እኔ ስቆም እሱ። የታንኳ ቀዛፊዎች ጭነት ያራገፉ አህዮች ብለውናል። ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 21
አጨሰ።
የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ ንግግሩ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን። አዳራሹ በሙሉ ያጨሳል። እኔም ምራቄን ስውጥ ዋልሁ። ሐጂ ለሽንት ብሎ ወጣ፤ ሲመለስ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተኝ። ጥርሱን እንዳላመመው አውቃለሁ። "በል ወላሂ በል" አልሁት። ወላሂ ብሎ አይዋሽም። ተው፣ ሪዝህን አትንካ፣ ማን አየ አለኝ። እኔ አየሁ።

ጥቅምት 22
ተላጨሁ። ባለቤቴ የሺ በር ከፍታ "ማንን ፈልገው ነው?" አለችኝ። የልጅ ልጄ አለቀሰች። አፍንጫዬ ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም።
ንዴቴ ግን ለሪዜ አይደለም። ሐጂ እግሩ ተቆርጦ ቤት ከዋለ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?

ጥቅምት 24፣ ከሰዓት በኋላ
ጉድ። ሐሙሲት ገበያ ልሄድ ተሳፍሬ ዓባይ ድልድዩ ኬላ ላይ አወረዱኝ። መታወቂያው ላይ ያለው ሪዛም ነው፤ እኔ የተላጨሁ። አብዮት ጠባቂው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። አባትዎ ነው ወይ አለኝ። ልጄ ነው ልል ነበር፤ ምላሴን ነከስሁ። ጊዜው ቀልድ አይወድም። የሚያውቅዎ ዋስ ይምጣ ተባልሁ። አንድ ባለጋሪ ለሐጂ መልእክት ያዘልኝ።

ሐጂ መጣ። በእግሩ። ከሩቅ አየሁት፤ በየዛፉ ጥላ ይቆማል፣ ባቱን ያሻሻል፣ ይነሣል። መሣቄን ረሳሁ።

ጠባቂው ማን ነህ ሲለው "ዋሱ ነኝ" አለ። ሪዙስ የት ሄደ? ሐጂ መሬት መሬቱን አየ። "እኔ ነኝ ያጨስሁት" አለ። ጠባቂው በሣቅ ወደቀ፤ ለቀቀኝ።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሐጂ ፓኮውን ከኪሱ አወጣ። መሬት ጥሎ በዚያው በሚያመው እግሩ ረገጠው። አመመው። እሰይ አልሁ።

ታኅሣሥ 2
ዶ/ሩ የሐጂን ጣት ዳሰሰ። ሞቋል። ለጊዜው መቁረጥ የለም። ሐጂ አላህን አመሰገነ፤ እኔም በበኩሌ ማርያምን።

ሪዜ እየበቀለ ነው፤ የጃርት ጀርባ ይመስላል። ሲ/ር አልማዝ ሌላ በሽተኛ ይዛ ጠበቀችኝ፤ አንዱን ሲጋራ በሌላው የሚለኩስ የዱርቤቴ ሾፌር፣ በሽታው እግሩን የጀመረው። ወሬያችን ደርሶታል። እኔም ያለ ዋስ አልተውም ይላል። አገጬን አየና ይችማ ለመያዣ አትበቃም አለ። እውነቱን ነው።

ቤት ገብቼ መስተዋት ፊት ብዙ ቆምሁ። ለየሺ ገና አልነገርኋትም። ነገ ቅንድቤን አስይዛለሁ።