ልጄ የት እንዳለች አትንገሪኝ

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ፣ ያ የፈረደበት ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም በየእርከኑ ቆመሽ ሕንፃውን የሠራውን መሐንዲስ ትረግሚያለሽ? ሹፌሩ ባልሽ እንዴት ነው? መንትዮቹስ በቁመት በለጡሽ? የናፍቆቴን ነገር ተይው። እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር። ግን ለሌላው ሁሉ ዋሽቼ ኖሬ ላንቺም ብዋሽ ምን ቀረኝ? ደህና አይደለሁም፣ እትዬ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ጎረቤታችን ነርሷ ናት። በፖስታ ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ይገባሻል። ፖስታ በእንፋሎት እንዴት እንደሚከፈትና መልሶ እንደሚታሸግ አዲስ ለሚቀጠሩት ያስተማርሁ ሰው ነኝ። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥይው።

ሥራዬን "ቢሮ" እያልሁ ሳወራሽ ኖሬያለሁ። አንቺም ጨዋ ነሽና የምን ቢሮ ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። የጀመርሁት ከምድር ቤት ነው፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የሰው ስልክ ስሰማ እውል ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ነጋዴ ሲዋሽ፣ አሮጊት ለልጇ ስታለቅስ እየሰማሁ ምሳዬን እበላለሁ። ከዚያ ክትትል፣ ከዚያ ምርመራ፣ ከዚያ አራተኛ ፎቅ፤ ምንጣፍ፣ ጸሐፊ፣ መኪና። በመንግሥት ደኅንነት ውስጥ ሰው የሚመኘው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። የሰፈር ሰው ባርኔጣውን አንሥቶ ጥግ ይዞ ያልፈኛል። ቤቴ ስገባ ግን ወሬ ይቆማል። ባለቤቴ ሳቋን እንደ ቧንቧ ትዘጋዋለች።

የማትፈራኝ አንቺ ሚጡ እያልሽ ያቀበጥሻት ልጄ ብቻ ነበረች። መምህሯን የኛ ቢሮ ሰዎች ካሰሩት በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ ትክ ብላ አየችኝና "አባዬ፣ ሥራህ ምንድን ነው?" አለችኝ። እንደ ልማዴ "ቢሮ" አልኋት። እጇን ታጠበች፣ ልብሷን በከረጢት ሸክፋ ወጣች። እናቷ እስከ በር ሸኘቻት፤ እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ልጅ ቤት ጥሎ ሲወጣ ሌላው አባት ምን ያደርጋል? ጓደኞቿን ይጠይቃል፣ ዘመድ ይልካል፣ ደጅ ለደጅ ይንከራተታል። እኔ ያንን አላውቅበትም። ሆዴ አልችል ሲለኝ ቀጭኑን ጠራሁት። ቀጭኑ እንደ ልጄ እያየሁ ያሠለጠንሁት የክትትል ሠራተኛ ነው። "እባክህ፣ ደህና መሆኗን ብቻ እይልኝ" አልሁት። እሱም እንዳስተማርሁት ሠራ። ከጓደኞቿ ጋር የተከራየችውን ክፍል አገኘ፤ ማን እንደሚመጣ፣ ስለ መምህራቸው ምን እንደሚያወሩ፣ ምን ወረቀት እንደሚበትኑ አየ። ያየውንም ለእኔ ከመንገሩ በፊት ለበላይ አሳወቀ። የክትትል ሠራተኛ ያየውን በግል መያዝ አይፈቀድለትም፤ ይህን ደንብ ያረቀቅሁት ደግሞ ራሴ ነኝ።

የቢሮው ሰዎች የክፍሉን በር ሰብረው ሲገቡ ሁለት ጓደኞቿን ይዘው ወጡ፤ እሷ አልነበረችም። እናቷ የት እንደሄደች የምታውቅ ይመስለኛል፤ ለቅሶዋ ተስፋ የቆረጠ ሰው ለቅሶ አይደለም። እኔን ግን ቀና ብላ አታየኝም።

ማክሰኞ ወደ ምድር ቤት ጠሩኝ። ያው የድሮው ክፍል ነው፤ የግድግዳው ቀለም እንኳ አልተቀየረም። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ቀጭኑ ነበር። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝና "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ ሆኖብኝ ነው" አለኝ። ልጅዎ የት ናት ሲለኝ "አላውቅም" አልሁት። እውነቴን ነው፣ እትዬ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ቀጭኑ ግን ፈገግ አለ። ቶሎ ብሎ "አላውቅም" የሚል ሰው ያውቃል ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። እስከ ደጅ ሸኘኝና ሰኞ ተመልሰው ይምጡ አለኝ። ሰኞ ጋሼ እንደማይለኝ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም አውቃለሁ። ስንቱን ጀግና ነኝ ባይ እዚያ ወንበር ላይ ሲያወራ አይቼዋለሁ፤ እኔም ከነሱ የተሻልሁ አይደለሁም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቺ ጋ መጥታ እንደሆነ፣ ወይም ደውላልሽ እንደሆነ፣ አትንገሪኝ። ነርሷ ባዶ እጇን ትመለስ። ወደፊት እያለቀስሁ ብደውልልሽ፣ በሞቴ ብዬ ብለምንሽ፣ ከጎኔ ማን እንደቆመ አታውቂምና ትንፍሽ እንዳትዪ። አባቷ ሆኜ ልሰጣት የምችለው አለማወቄን ብቻ ነው። አንጀቴ እያረረም ቢሆን ይህን አትንፈጊኝ።

ሹፌሩን ባልሽን እቀፊልኝ፤ ቀስ ብሎ ይንዳ። የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። መንትዮቹን፣ እምቢ ቢሉሽም፣ አንዴ አንዴ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እቤትሽ ሌላ እንግዳ ካለች ማን ናት ብዬ አልጠይቅሽም። ብቻ ጨለማ ትፈራለችና፣ ስትተኛ የኮሪደሩን መብራት አታጥፊባት።

ወንድምሽ

ከቤቴ፣ ከመስኮቱ ዳር
ዓርብ ከቀትር በኋላ