ስለ ጠፋው አሥራ ሦስተኛ ወርና ስለ ሮማኖቻችን

ለክቡር ባሽሙሃንዲስ (ዋና መሐንዲስ) ሃዚም ሰርዋት፣
የኩባንያችን የሪፖርት ክፍል ኃላፊ፣
ካይሮ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ልጃገረዷን አሮጊት ያደርጋል የሚባልለት የጡባ ወር ብርድ ከቢሮዎ ደጃፍ እንዲመለስ፣ ዓይንዎም ከስክሪን ብርሃን እንዲጠበቅ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የነዝለት ባኩም የሮማን ማሸጊያ ጣቢያ ሠራተኞች፣ ጣቢያችን እንዲዘጋ ከተጻፈብን ትዕዛዝ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትዕዛዙ የተደገፈው በሚያምር ባለቀለም ቻርት ስለሆነ፣ ቻርቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ሁለት ቀን ሙሉ ስናደንቀው ሰነበትን። ከአድናቆት ስንመለስ የሚከተሉት ጥቃቅን ነገሮች ታዩን።

አንደኛ፦ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተለቀመውን ሳጥን የምመዘግበው፣ የአስዩጥ ገበሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሚያርስበት በቅብጥ ወር ነው። የእርስዎ ቢሮ ደግሞ መኪና የጫነውን በፈረንጅ ወር ይመዘግባል። ክቡርነትዎ ሁለቱን ሰንጠረዦች በወር ቁጥር አጋብተው አንድ አደረጓቸው። ጋብቻው ይባረክ፤ እንከኑ የእኛ አንደኛ ወር ቱት እናንተ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ በምትሉት ቀን ሲገባ፣ የእናንተ አንደኛ ጃንዋሪ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰንጠረዡን ማጣሪያ "ወር 1" ላይ ሲያደርጉት አራት ሺህ አንድ መቶ ሳጥን ሮማን ተለቅሞ አንድም መኪና ብቅ አላለም። "ወር 9" ላይ ሲያደርጉት ደግሞ መኪኖቹ ተሰልፈው ይጭናሉ፣ ዛፉ ግን ገና አበባ ላይ ነው። ከዚህ ተነሥተው ጣቢያችን "ምርት ለስምንት ወር ይደብቃል" ማለትዎን አንብበናል። ሮማንን ስምንት ወር ሳይበሰብስ የሚያቆይ ጥበብ አላቸው ብለው ስለገመቱን ሳላመሰግን አላልፍም።

ሁለተኛ፦ ከቢሮዎ የደወለችልኝ ጨዋ ልጅ "አጎቴ ዋሂብ፣ ወር 13 ብለው የጻፉትን ሲስተሙ እምቢ ስላለ አጥፍተነዋል፤ ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው እኮ" አለችኝ። ያጠፋችው ናሲን ነው፣ በዓመቱ ጫፍ ያለችውን የአምስት ቀን ወር። በእነዚያ አምስት ቀናት ቀድሞ የደረሰውን ሮማን ለቅመን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ሳጥን ሞልተን ነበር። ይህንኑ ለለቃሚዎቹ አለቃ ለወይዘሮ ኢንሳፍ ብነግራት፣ "ታዲያ ወገቤን ያመመኝ በየትኛው ወር ነው በላቸው" አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ወይዘሮ ኢንሳፍ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ጣቢያ ነው፤ ሠላሳ ሰባቱ ባልደረቦቿም በአካባቢው ሌላ የሥራ በር የላቸውም። ለእነሱ ግን በቻርትዎ ላይ ቀለም አልተረፈም።

አሥራ ሦስተኛ፦ በመካከል የነበሩትን አቤቱታዎች የቢሮዎን ልማድ ተከትዬ አጥፍቻቸዋለሁ። ትዕዛዝዎ "ጣቢያው በ30/2 ይዘጋ" ይላል። ፎርሙ የወር መጨረሻን በራሱ 30 ብሎ እንደሚሞላ ሰምተናል። ፌብሩዋሪን ብንቆጥረው ሃያ ስምንት ላይ አለቀብን፤ ደግመን ቆጠርን፣ ወይዘሮ ኢንሳፍም በጣቷ ቆጠረች፣ ያው ነው። እንዲህ ያለ ቀን የሚገኘው በእኛ መቁጠሪያ ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ወራችን ባባ ሠላሳ ቀን ሙሉ አለው፤ ሠላሳኛውም የሚውለው የመጪው ለቀማ ካበቃ በኋላ፣ እናንተ ኖቬምበር ዘጠኝ በምትሉት ቀን ነው። ቁጥር ከቁጥር ይጋባ የሚለው ሕግ የራስዎ ነውና፣ ትዕዛዙን በፍጹም አክብሮት ተቀብለን እስከዚያ ቀን ሥራ ላይ ነን። ዛፎቹን መግረዝ ዛሬ ጠዋት ጀምረናል።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን አሥራ ሦስቱንም ወር እየቆጠረ እንዲያረዝምልን እየጸለይኩ፣ ለቢሮዎም ለማጣሪያዎም እኩል እጅ የምነሣ፣

ዋሂብ ቡቅጡር
የነዝለት ባኩም ጣቢያ መዝጋቢ
ጡባ 12

ማስታወሻ፦ በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ለናሲ ለቀማ ይምጡልን። ወይዘሮ ኢንሳፍ "ወንበር እጠርግላቸዋለሁ፣ መቀስ ግን ይዘው ይምጡ" ብላለች። የሚመጡት ማጣሪያዎ በማያውቀው ወር ስለሆነ፣ ከቢሮ መቅረትዎ በየትኛውም ቻርት ላይ አይታይም፤ ልክ እንደ መገኘትዎ።